የጣት አሻራ ያለው ስልኬ ተሰርቆ ቴሌግራሜን እንዴት ከፈቱት?

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ሥራዬ መገናኛ አካባቢ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዤ እንደቆምኩ ስልኬን ከእጄ መንትፈው ሮጡ። ቦርሳዬ ውስጥ 15 ብር ብቻ ነበረኝ። ከሰው ስልክ ለምኜ ባለቤቴ ጋ ልደውል ስል ቁጥሩን አላውቀውም፤ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው! ከፍላ ያሳፈረችኝ የማላውቃት እናት ናት። ሲሙ በወንድሜ ስም ነው፣ እሱ ደግሞ ፊልድ ወጥቶ ስለነበር እስኪተካልኝ ሦስት ቀን ፈጀ። በመሃል በእኔ ቴሌግራም ለዘመዶቼ ‹ቸግሮኛል፣ 5,000 ብር ላኩልኝ› ተብሎ ተጽፎ አክስቴ ልካለች። ቴሌብር ውስጥ የነበረው ብሬ ግን አልተነካም። ስልኩ በጣት አሻራ የተቆለፈ ነበር፤ እንዴት ገቡ? ሰፈር ስገባ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ድሮም ልለውጠው እያሰብኩ ነበር። አሁን ባለቤቴ ‹ብርሽን ሁሉ አውጥተሽ ወደ ቁልፍ ስልክ ተመለሺ› ይላል። ልክ ነው?»

ምላሽ፦

ባለቤትዎ የፈሩት ነገር ልክ ነው፤ ያዘዙልዎ መድኃኒት ግን የዚህ በሽታ አይደለም። ቁልፍ ስልክም ሲም አለው፤ እርስዎ የተጎዱት ደግሞ በሲሙ በኩል ነው።

ከአሻራው ልጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሻራም ሆነ ፓተርን የሚቆልፈው ስልኩን ነው፤ ውስጡ ያሉትን ፎቶዎችና አፖች ማለት ነው። ሲም ካርዱ ለብቻው የሚንቀሳቀስ ዕቃ ነው። ሌባው በቀጭን ሽቦ አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከተዋል፤ ወደ ራሱ ስልክ ይደውልበትና ቁጥርዎን ያያል። ከዚያ ቴሌግራም ከፍቶ ቁጥሩን ያስገባና ኮዱ በኤስኤምኤስ እንዲላክለት ይጠይቃል። ኤስኤምኤስ የሚሄደው ሲሙ ወዳለበት ነው። በቃ፣ ገባ። የእርስዎን ስልክ መክፈት ቀርቶ ማብራትም አላስፈለገውም። ቴሌግራም የድሮውን ጭውውት ሰርቨሩ ላይ ስለሚያስቀምጥ ደግሞ ማንን «እትዬ» እንደሚሉ፣ ከዚህ በፊት ማን ብር እንደላከልዎ ቁጭ ብሎ አንብቦ ነው የጻፈው። አክስትዎ ሞኝ ሆነው አይደለም። በእርስዎ ስም፣ በእርስዎ ፎቶ፣ በእርስዎ አነጋገር ነው የተጠየቁት።

በነገራችን ላይ ከእጅ የተመነተፈ ስልክ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ክፍት ነው። እያነበቡበት ከነበረ አሻራው ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ምንም አይጠቅምም። ነጣቂዎቹም ሰው ስልኩን እያየ ሲቆም የሚጠብቁት ለዚህ ጭምር ነው።

ቴሌብሩ ለምን ተረፈ? ብሩ ስልኩ ውስጥም ሲሙ ውስጥም ስላልነበረ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ስልኬ ጠፋ፣ ብሬም አብሮ ጠፋ» እያለ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ያጋጥመኛል። ሂሳቡ ያለው ኩባንያው ጋ ነው፤ ቁጥርዎ አድራሻው፣ ባለ 6 አኃዙ ሚስጥር ቁጥር ደግሞ ቁልፉ ነው። አድራሻውን አገኙት፣ ቁልፉ ጭንቅላትዎ ውስጥ ስለነበር አልደረሱበትም። ዕድለኛ ነዎት ልበል ወይስ ጠንቃቃ፣ አላውቅም። ስልክ መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሚስጥር ቁጥሩን ኮንታክት ውስጥ «ቴሌ ፒን» ብሎ የመዘገበ፣ የልደት ዓመቱን ሚስጥር ቁጥር አድርጎ መታወቂያውን ከስልኩ ከቨር ጀርባ የሻጠ ደንበኛ በየሳምንቱ አያለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ቢሰረቅ የሚሄድበት ያለው ብር ብቻ አይደለም። ቴሌብር ላይ እንደ «መላ» እና «እንደኪሴ» ያሉ የብድር አገልግሎቶች አሉ፤ ቁጥሩንና ሚስጥር ቁጥሩን የያዘ ሰው በባለቤቱ ስም ዕዳም ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ስርቆት ነው፤ እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። የዚያን ቀን ማታ ከእጅዎ የወጣው አንድ ዕቃ ነው። አብረውት የሄዱት ግን የታክሲ ሂሳብዎ፣ የባልዎ ቁጥር፣ ጊዜ ማያዎ፣ የአራተኛ ፎቅ ደረጃ መውጫ መብራትዎ፣ የመታወቂያዎ ፎቶ እና በዘመድ ዘንድ ያለዎት ስም ናቸው። ሁሉም በአንድ ሚስማር ላይ ተሰቅለው ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እኛ ግን አንድ ይዘን ጥሩ አድርገን ተኝተናል። ስልኩ ባይሰረቅ እንኳ ባትሪ ቢጨርስ፣ ውሃ ውስጥ ቢገባ፣ መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ ቢቋረጥ ያው ሰልፍ ላይ በ15 ብር መቆምዎ አይቀርም ነበር።

የባልዎን ቁጥር አለማወቅዎ አያሳፍርም። አእምሮ ሌላ ቦታ እንደተቀመጠ ያወቀውን ነገር ለመያዝ አይደክምም። እናቶቻችን ቁጥር በቃላቸው የሚያውቁት የተለየ ጭንቅላት ስለነበራቸው አይደለም፤ በየቀኑ በጣታቸው ይደውሉት ስለነበር፣ የአዲስ አበባም ቁጥር እስከ 1998 ዓ.ም. ለውጥ ድረስ ስድስት አኃዝ ብቻ ስለነበር ነው። ዛሬ የምንነካው ስም ነው፣ ቁጥሩን ዓይናችን እንኳ አያየውም።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ቡሃቃ ውስጥ የወደቀ ስልክ ይዘውልኝ መጡ። ሊጥ እያቦኩ በትከሻና በጆሮ መሃል አጣብቀው ሲያወሩ ሾልኮ ገባ። ቻርጅ መሰኪያው ውስጥ ያለው እርሾ አረፋ እያወጣ ነበር፤ እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። «ልጄ፣ ስልኩ ይቅር፤ ጅዳ ያለችውን ልጄን ቁጥር ብቻ አውጣልኝ» አሉኝ። ቦርዱን ፈትቼ በአልኮል አጥቤ ሁለት ቀን ለፋሁበት፣ አልተነሳም። በጉግል አካውንቱ በኩል ኮንታክቶቹን ላውርድላቸው ብዬ ኢሜይላቸውን ስጠይቅ «ስልኩን ስገዛ የሱቁ ልጅ ነው የከፈተልኝ» አሉ። ሱቁ ተዘግቷል፣ ልጁ የት እንዳለ አይታወቅም፣ የይለፍ ቃሉ ቢረሳ መልሶ ማግኛ ተብሎ የተመዘገበው ቁጥርም የእሱ ነበር። ልጅቷ ራሷ እስክትደውል አሥራ አንድ ቀን ጠበቁ።

ይህ «የሱቁ ልጅ የከፈተልኝ ኢሜይል» የሚባል ነገር እርስዎም ጋ ሊኖር ስለሚችል አዲሱን ስልክ ሲገዙ ይጠንቀቁ። አካውንቱን እዚያው ቆመው ራስዎ ይክፈቱ፤ መልሶ ማግኛውን በራስዎ ቁጥር ያድርጉ። አለዚያ ስልኩ አንድ ቀን ሪሴት ሲደረግ ያንን ኢሜይል ይጠይቅና በገዛ ስልክዎ ደጅ ይቆማሉ።

ባትሪውን በሚመለከት፣ ስልክዎ አርጅቶ ላይሆን ይችላል። ስልክ ከኔትወርክ ጣቢያ በራቀ ቁጥር ለመሰማት ይጮሃል። በ2ጂ እስከ 2 ዋት ድረስ ሊጮህ ይችላል፤ ጣቢያው ቅርብ ሲሆን የሚያወጣው ግን የዚያን ቅንጣት ታህል ነው። መሃል ከተማ ሙሉ ቀን የዋለ ባትሪ ቱሉ ዲምቱ ገብቶ በብሎኬትና በኮንክሪት መሃል ሲሆን ቶሎ የሚሟጠጠው ለዚህ ነው። ስልኩን ከግድግዳ አርቀው መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ፣ ሌሊት ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ ይረዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጣቢያውም የሚሠራው በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ነው፤ እነሱ ሲያልቁ ኔትወርኩም ይሄዳል። ያኔ የእርስዎ ስልክ መቶ በመቶ ቻርጅ ቢኖረውም ከእጅ ባትሪ አይበልጥም። ፓወር ባንክ ሲገዙም 10,000 የተባለው 10,000 ሆኖ ስልክዎ ውስጥ እንደማይገባ ይወቁ። ቮልቴጁ ሲቀየርና በሙቀት ሲባክን የሚደርስዎ ወደ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የባለቤትዎ ሐሳብ የማያስኬደው ኑሮው ስለማይፈቅድ ነው። በአዲስ አበባ ነዳጅ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የሚከፈለው በዲጂታል መንገድ ነው፤ የመብራቱም የውሃውም ክፍያ ወደዚያው ሄዷል። ከሁሉም በላይ ብሩን አውጥቶ ቤት ማስቀመጥ አንዱን ሌባ ለሌላ ሌባ መለወጥ ነው። ሌላው መንገድ፣ ብዙ ሰው የሚሮጥበት፣ ውድ ስልክ ገዝቶ «ቢጠፋ በካርታ አገኘዋለሁ» ማለት ነው። ካርታው የሚሠራው ባብዛኛው ስልኩ በርቶ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው፤ ሌባ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ማጥፋትና ሲሙን መንቀል ነው። ጠቃሚነቱ ስልኩ አንድ ቀን ኢንተርኔት ካገኘ ውስጡ ያለውን ከሩቅ ማጥፋት መቻልዎ ላይ ነው። ቦታውን ቢያሳይዎት እንኳ ብቻዎን አይሂዱ፤ 991 ደውለው ለፖሊስ ያሳውቁ።

እኔ የምመክርዎት፣ ያለ ማመንታት፣ ሁለት ቁጥር እንዲይዙ ነው። አንዱ የመንገድ ቁጥር ይሁን፤ ዘመናዊው ስልክ ላይ የሚሆነው፣ ቴሌብሩ ላይ የሳምንት ወጪ ብቻ የሚቀመጥበት። ሌላው የቤት ቁጥር ነው፤ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ገብቶ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ። ባንክዎ፣ ፋይዳዎ፣ የኢሜይልዎ መልሶ ማግኛ፣ ኮድ የሚላክበት ነገር ሁሉ በዚህ በሁለተኛው ላይ ይመዝገብ። ባለቤትዎ የተመኙት ቁልፍ ስልክ ቦታው እዚህ ነው። ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ ቁልፍ ስልኩ ለዚህ ይበቃል፤ ባትሪውም ቀናት ይቆያል። ጉዳቱ መንገድ ላይ ሆነው ትልቅ ብር ማስተላለፍ አለመቻልዎ ነው። እኔ ይህንን እንደ ጉዳት አልቆጥረውም፤ አንገት ተይዞ «አስተላልፊ» የሚባል ሰውም አለና። ሁለተኛውን ሲም ግን ረስተው አይተዉት። ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ ያኔ የባንክዎ ኮድ የሚደርሰው የማያውቁት ሰው ጋ ይሆናል። በወር አንዴ ይደውሉበት።

ሁለቱንም ሲሞች በፒን ይቆልፉ። ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ «ሲም ሎክ» የሚለው ነው። ይህ ቢኖር ኖሮ ሌባው ሲሙን ሌላ ስልክ ውስጥ ሲከተው ፒን ይጠየቅ ነበር፤ የአክስትዎም 5,000 ብር ይተርፍ ነበር። ግን ሳይዘጋጁ አይንኩት። መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ሲሙ ሲሸጥ አብሮት የመጣውን ፒን ነው፤ ሲሙ የተነቀለበት ካርድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በግምት አይሞክሩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ፒዩኬ የሚባል ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ይጠይቃል፤ እሱንም አሥር ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ይሞታል። ካርዱ ከጠፋብዎ አገልግሎት ማዕከል ሄደው ይጠይቁ።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። ከኤስኤምኤሱ ኮድ በላይ እርስዎ ያወጡትን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሲሙ ተመልሷልና «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው የማያውቁት ስልክ ካለ አሁኑኑ ያስወጡ። አዲስ የገባ ስልክ ቀድሞ የገባውን ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሞክረው እምቢ ብሎዎት ከተዉት ሌባው እስከ ዛሬ እያነበበ ሊሆን ይችላል። እባክዎ ዛሬ ማታ ይዩት።

በወንድምዎ ስም ያለው ሲም በአስቸኳይ ወደ እርስዎ ይዛወር። ሦስቱን ቀን ያስፈጀው እሱ ነው። አንድ ሲም ጠፍቶ ሌላ ሲተካ የጠፋው ወዲያው ይሞታል፤ የሚተካው ግን በስሙ ለተመዘገበው ሰው፣ መታወቂያው ታይቶ ነው። ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ አካባቢ በደላላ፣ በቀድሞ ተከራይ፣ ውጭ በሄደ የአጎት ልጅ ስም የተመዘገበ ቁጥር ይዞ ደሞዙን የሚቀበልበት ሰው ብዛቱ ይገርመኛል። ወንድምዎ ከፊልድ ሲመለስ ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ለወደፊቱ ስልክ በጠፋ ሰዓት መጀመሪያ የሚደረገው ከሰው ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ ቁጥሩን ማዘጋት ነው፤ ፖሊሱም፣ ለቅሶውም፣ ለዘመድ መናገሩም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቁጥርዎ 07 ከሆነ ደግሞ የሚደወለው ወደ ሳፋሪኮም 700 ነው። ይህንን በዚያ ማታ አድርገው ቢሆን ሲሙ እስኪተካ ሦስት ቀን ቢፈጅም ሌባው ኮድ የሚቀበልበት መስመር አይኖረውም ነበር።

ስለ አክስትዎ ብር እውነቱን ልንገርዎ፤ የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ በደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ ወጥቶ ይሄዳል። ቢሆንም የዝውውሩን ማረጋገጫ ኤስኤምኤስ ሳይደመስሱ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ የተላከበት አካውንት ስም አለው። በዚህ መሃል «ስልክሽን አግኝቼዋለሁ፣ አሁን የሚመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ» ወይም «ከቴሌ ነው የምንደውለው» የሚል ሰው ከተነሳ ይዝጉበት። ሚስጥር ቁጥር ወይም ኮድ በስልክ የሚጠይቅ እውነተኛ ሠራተኛ የለም። የተሰረቀ ሰው እንደገና የሚሰረቀው ተስፋ ባደረገበት ሰዓት ነው።

የቀረው የወረቀትና የሳንቲም ሥራ ነው፤ ባለሙያ ስለማይጠይቅ ማንም አይሠራውም። የቦርሳዎ የውስጥ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ቤት የሚያደርስ ብር ይኑር፤ ባለ 200 ብር ኖት ከሆነ ማታ ላይ ረዳቱ «መልስ የለኝም» ስለሚል ባለ 50 ያድርጉት። ቤት ውስጥ መብራትና ኔትወርክ አብረው ሲጠፉ የአንድ ሁለት ቀን አስቤዛ የሚገዛ ጥሬ ብር ይቀመጥ። ለሮቶና ለደረጃ የእጅ ባትሪ ይግዙ፤ ሮቶ ውስጥ ውሃ አለ የለም ሲሉ የወደቁ ስልኮች ለእኔ ጥሩ ገበያ ናቸው፣ ለእርስዎ ግን አይደሉም። የባልዎን ቁጥር ለአንድ ወር ከኮንታክት ሳይሆን በጣትዎ ቁጥር እየነኩ ይደውሉ፤ ሳያስቡት በቃል ይያዛል። ልጅ ካለዎት ልጁም እንደዚሁ።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ የባልዎን፣ የወንድምዎንና የአንድ ጎረቤት ቁጥር፣ 994ን እና 991ን፣ አዲሱ ስልክ ላይ *#06# ሲጽፉ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ መለያ ይጻፉ፤ ፖሊስ ጋ ሲያመለክቱ የሚፈለገው እሱ ነው። ሚስጥር ቁጥር ግን አይጻፉበት። ወረቀቷን ከስልኩ ከቨር ጀርባ አይክተቱ፣ ከስልኩ ጋር ትሄዳለች። ቦርሳ ውስጥ ከብሩ ጋር ትሁን።